ያለ አፈር፣ ያለ ፓምፕ፦ ቤት ውስጥ ሰላጣን በውሃ ማብቀል

ሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር በውሃ ተክል ማብቀል፣ ለመጀመር ያሰበ ሰው ኢንተርኔት ላይ ትንሽ ሲፈልግ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። የተደረደሩ ነጫጭ ቱቦዎች፣ ሌት ተቀን የሚያጉረመርም ፓምፕ፣ ሐምራዊ መብራት፣ በየቀኑ የሚሞላ ሠንጠረዥ። ገና ሳይጀምር ይደክመዋል። እውነቱን ለመናገር ለጀማሪ ያ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳጥን፣ ትክክለኛው ማዳበሪያ እና ደህና ብርሃን ካለ ሰላጣ ይበቅላል። ፓምፕ የለም፤ ከሳጥኑ ጋር የሚያያዝ ገመድም የለም።

እዚህ የምንሠራው ያንን ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቁት አሠራር ስለሆነ የክራትኪ ዘዴ ይባላል። ፓምፕ ያለውን ዓይነት መጨረሻ ላይ እንነካካዋለን። እኔ ግን ማንም ሰው በዚህኛው ቢጀምር እመርጣለሁ። ብዙ የሚበላሽ ነገር የለውም፣ ዋናውን ነገር ደግሞ በደንብ ያስተምራል።

መጀመሪያ ስለ ሥሩ

ተክል ከአፈር የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟ ማዕድን፣ አየር፣ ከዚያ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ድጋፍ። እነዚህን በሌላ መንገድ ካገኘ አፈሩ ቢቀርበትም ግድ የለውም። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። ጀርመናውያኑ ጁሊየስ ሳክስ እና ቪልሄልም ክኖፕ ገና በ1860ዎቹ ማዕድን በሟሟበት ውሃ ብቻ ተክል ያበቅሉ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ዊሊያም ገሪኪ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪ በውሃ ገንዳ ላይ ትልልቅ የቲማቲም ተክሎችን አሳድገው አሳዩ።

ከአራቱ ውስጥ ውሃውን ማንም አይረሳም። ማዳበሪያውንም አይረሳም። የሚረሳው አየሩ ነው። ሥር ይተነፍሳል። ኦክስጅን ካላገኘ ውሃ መሃል ተነክሮ እንኳ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፣ ቅጠሉም ይጠወልጋል። ይህን ያየ ጀማሪ «ውሃ አነሰው» ብሎ ይጨምርበታል፤ ባሰበት ማለት ነው።

ቁጥሩን ብናየው ይገባናል። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ 1 ሊትር ውሃ መያዝ የሚችለው ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ነው። ውሃው ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ ይህ ወደ 7.5 ይወርዳል። 1 ሊትር አየር ግን ከ250 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን አለው። የክራትኪ ዘዴ ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሳጥኑን ሞልታችሁ ትጀምራላችሁ። ተክሉ ሲጠጣ ውሃው ይጎድላል። በክዳኑና በውሃው መካከል እርጥበት ያለው ባዶ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ ቦታ ላይ ያሉት ሥሮች ጥቃቅን ፀጉር አብቅለው አየር ይስባሉ፤ ከታች ያሉት ደግሞ ይጠጣሉ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሕግ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ለዚህ ትንፋሽ ሲባል የተቀመጠ ነው።

ሳጥኑን ማዘጋጀት

20 ሊትር የሚይዝ፣ ጥልቀቱ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ክዳኑ ጠንከር ያለ ሳጥን ፈልጉ። ምግብ ለመያዝ ተብሎ የተሠራ ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል። ቀድሞ ኬሚካል የነበረበትን ዕቃ ታጥቧል ብላችሁ አትጠቀሙ።

እንዲህ ያለ ሳጥን አራት ሰላጣ በደንብ ያሳድጋል። አንድ ሰላጣ እስኪደርስ ድረስ በግምት 4 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ቤቱ ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ክዳኑ ላይ ባዶ ቦታ ስታዩ አምስተኛና ስድስተኛ መጨመር ያምራችኋል። ተዉት። ቅጠሎቹ ተደራርበው አየር ያጣሉ፣ ውሃውም ሳይደርሱ ያልቃል።

ቀጥሎ ጎንና ጎኑ ቀዳዳ ያለበት ትንሽ ኩባያ ያስፈልጋል። ኔት ፖት ይሉታል። አፉ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነው ለሰላጣ ይበቃል። ከሌለ ተራ የፕላስቲክ ኩባያ ጎኑንና ታችኛውን ክፍል በደንብ ብትበሱት ያው ነው። ክዳኑ ላይ አራት ቀዳዳ አውጡ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይኑር። መጠኑን ስትለኩ የኩባያውን ከንፈር ሳይሆን ከከንፈሩ ሥር ያለውን አካል ለኩ። ከንፈሩ ክዳኑ ላይ ማረፍ አለበት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ኩባያው ዘው ብሎ ይገባል። ለመብሳት ድሪል ላይ የሚገጠም ክብ መብሻ በጣም ያቀላል። በቢላ የምትቆርጡ ከሆነ ቀጭን ፕላስቲክ ይሰነጠቃልና ቀስ ብላችሁ፣ ከእጃችሁ እያራቃችሁ ቁረጡ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

ጥግ ላይ ሌላ ትንሽ ቀዳዳ ጨምሩ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል። ይህ የመመልከቻ ቀዳዳ ነው። በቡሽ ወይም በቴፕ ይዘጋል። በኋላ ክዳኑን ከነተክሉ ሳታነሡ ቀጭን እንጨት አስገብታችሁ የውሃውን ከፍታ ትለኩበታላችሁ። ያለዚህ ቀዳዳ ሳጥኑን በከፈታችሁ ቁጥር ሥሩን ታንገላታላችሁ።

አሁን ብርሃን የመከልከል ሥራ አለ። ማዳበሪያ ያለበት ውሃ ብርሃን ካገኘ በሳምንት ውስጥ አረንጓዴ ይሆናል። አልጌ ነው። ማዳበሪያውን ይሻማል፣ ሲሞት ደግሞ ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ሳጥኑን ከውጭ መጀመሪያ ጥቁር ቀለም ቀቡ፤ ጥቁሩ ብርሃን ያግዳል። ሲደርቅ በላዩ ነጭ ድገሙ፤ ነጩ ሙቀት ይመልሳል። ቀለም ባይኖር ወፍራም ፎይል ጠቅልሉበት። ከዚያ ሞክሩት፦ ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ባዶው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡና ክዳኑን ግጠሙ። መርፌ የምታህል ብርሃን የምትወጣበት ቦታ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳጣው ክዳኑ ነው፤ ሰው ጎኑን ቀብቶ ክዳኑን ይረሳዋል።

ክፍት ቀዳዳም አትተዉ። ቆሞ የዋለ ውሃ ለቢንቢ መራቢያ ይሆናል።

ችግኝ ማፍላት

ችግኙን የምታፈሉት ለብቻው ነው፣ ሳጥኑ ላይ አይደለም። 2.5 ሴንቲ ሜትር በ2.5 የሆነ ስፖንጅ፣ ሮክዉል (ከቀለጠ ድንጋይ የተሠራ ቃጫ) ወይም የኮኮናት ቃጫ ይሆናል። ሮክዉል ከመረጣችሁ ደረቁን አትቦጭቁ፤ ብናኙ ጉሮሮና ቆዳ ያሳክካል። ተፈጥሮው አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነም ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት ልኩ፣ 5.5 በሆነ ውሃ ውስጥ ቀድማችሁ ንከሩት። ለጀማሪ ስፖንጅ ቀላል ነው። ሳሙና ያልነካው ይሁን፣ እርጥብ አድርጋችሁ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት፣ መሃሉን በትንሹ ሰንጥቁት።

በእያንዳንዱ ላይ ሁለት የሰላጣ ዘር አኑሩ። አትቅበሩት። ብዙ የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ስፖንጆቹን ዝርግ ሳህን ላይ ደርድራችሁ ከሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ውሃ አድርጉ። ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆን ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል። ሰላጣ ሙቀት አይወድም። ከ28 ዲግሪ ካለፈ ብዙው ዝርያ ዘሩ ደህና ሆኖ ሳለ አልበቅልም ይላል። ቤቱ ከሞቀ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ ያለውን ጥግ ፈልጉለት።

ብቅ እንዳለ ብርሃን ስጡት። ለነገ አይባልም። ብርሃን ያጣ ችግኝ ግንዱን እንደ ክር አቅጥኖ ወደ ላይ ይመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ብርሃን ብትሰጡት አይጠነክርም። እንዲህ የሆነውን ጥላችሁ አዲስ መዝራት ይሻላል፤ ዘሩ ርካሽ ነው፣ ጊዜያችሁ ነው ውዱ።

ከሁለቱ መጀመሪያ ቅጠሎች ቀጥሎ እውነተኛው የሰላጣ ቅጠል ሲመጣ፣ ከታች የምንበጠብጠውን ማዳበሪያ አንድ እጁን በሦስት እጅ ውሃ አቅጥናችሁ ስጡት። ሁለቱም ዘሮች ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ከሥሩ ቁረጡት፤ ከነቀላችሁት የወንድሙን ሥር ይዞ ይወጣል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ሲሞላው ሦስት አራት ቅጠል ይይዛል፣ ነጭ ሥሩም ከስፖንጁ ሥር ይወጣል። ያኔ ለመዛወር ደርሷል።

ማዳበሪያው፦ ተረጋግታችሁ የምትሠሩት ክፍል

ለአፈር የሚሸጥ ማዳበሪያ እዚህ አይሆንም። የአፈር ማዳበሪያ ናይትሮጅኑ አብዛኛውን ጊዜ ዩሪያ ወይም አሞኒየም ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ሳጥናችሁ ውስጥ ያን የሚሠራ በቂ ባክቴሪያ የለም። በዚያ ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ ቦሮንና ሌሎቹም ያስፈልጋሉ፤ አፈር በራሱ ስለሚሰጣቸው ከማዳበሪያው ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ። ፍግ ወይም ኮምፖስት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይታሰብ። ይሸታል፣ ኦክስጅኑንም ይበላዋል።

ለሃይድሮፖኒክስ ተብሎ የተዘጋጀ ግዙ። ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው በጠርሙስ የሚመጣ ፈሳሽ ነው፤ ኤ እና ቢ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ቀላል ነው፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከተል ብቻ ነው። ሁለተኛው ዱቄት ነው፤ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እኔ ሚዛን ላለው ሰው ዱቄቱን እመክራለሁ።

በዱቄት በብዛት የሚሠራበት ቅልቅል ሦስት ነገር አለው፦ ከረጢቱ ላይ 4-18-38 የሚል የሃይድሮፖኒክስ ማዳበሪያ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት እና ካልሲየም ናይትሬት። ቁጥሮቹ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም ድርሻ ናቸው። የእናንተ ከረጢት ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ይህ ልኬት አይሠራም፤ የራሱን መመሪያ ተከተሉ። ለሰላጣ በ1 ሊትር ውሃ ከመጀመሪያው 0.5 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 0.25 ግራም፣ ካልሲየም ናይትሬት 0.5 ግራም ይበቃል። ሳጥናችን 18 ሊትር ውሃ ቢይዝ 9 ግራም፣ 4.5 ግራም እና 9 ግራም ማለት ነው። በማንኪያ አይገመትም። 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ያስፈልጋችኋል።

አበጣበጡ ተራ አለው። ሳጥኑን መጀመሪያ በውሃ ሙሉ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ካለው ለ24 ሰዓት ክፍት አድርጋችሁ ብታሳድሩት ክሎሪኑ ይበናል። ክሎራሚን የሚባለው ግን በማሳደር አይወጣም፤ ለእሱ ጥሩ የካርቦን ማጣሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ ሦስቱን ዱቄት በሦስት የተለያየ ኩባያ፣ ለብ ባለ ውሃ አሟሟቸው። መጀመሪያ 4-18-38ቱን ሳጥኑ ውስጥ ጨምራችሁ አማስሉ። ቀጥሎ ማግኒዥየሙን ጨምሩና አማስሉ። ካልሲየም ናይትሬቱ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚገባው።

ለምን በሉኝ። ካልሲየም ሳይቀጥን ከሰልፌትና ከፎስፌት ጋር ከተገናኘ ይያያዝና ወደ ደቃቅ ጠጣር ይቀየራል። ጥርጣሬ ካላችሁ ሦስቱንም አንድ ቆንጥር ቆንጥር አድርጋችሁ አንድ ብርጭቆ ውስጥ በጥቂት ውሃ ሞክሩት። ጥርት ያለው ውሃ ወተት ጠብ እንዳለበት ይደፈርሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። ያ ዝቃጭ ጄሶ እና ካልሲየም ፎስፌት ነው። ሥር አይስበውም። ገንዘብ ከፍላችሁ የገዛችሁት ማዳበሪያ እዚያው ታች ተኝቶ ተክሉ ይራባል። ኤ እና ቢ ጠርሙሶች የሚለያዩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለቱን በቀጥታ አታገናኟቸው፤ አንዱ በሙሉው ውሃ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው።

ሁለቱ መለኪያዎች

ኢሲ የሚባለው መለኪያ ውሃው ውስጥ ምን ያህል ማዕድን እንደሟሟ ይነግራል። ለሰላጣ ከ0.8 እስከ 1.4 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ጥሩ ነው፤ 1.6 ቢደርስም አይሞትም። ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ባዶውን ውሃ ለኩ። ለብቻው ከ0.5 በላይ ካሳየ ውሃችሁ ጨዋማ ወይም ማዕድን የበዛበት ነው፤ በንጹሕ የዝናብ ወይም በተጣራ ውሃ ቀላቅሉት። አንድ ወጥመድ አለ፦ አንዳንድ መለኪያ ውጤቱን ፒፒኤም በሚል ያሳያል። አንዱ አምራች 1.0 ኢሲን 500 ይለዋል፣ ሌላው 700። ስለዚህ ሰው «800 ፒፒኤም አድርገው» ሲላችሁ በየትኛው ስሌት እንደሆነ ካልነገራችሁ ምንም አልነገራችሁም። ኢሲውን አንብቡ፣ ተገላገሉ።

ሁለተኛው ፒኤች ነው። ከ5.5 እስከ 6.5 መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ሲወጣ ብረትና ማንጋኒዝን የመሳሰሉት ውሃው ውስጥ እያሉም ተክሉ ሊወስዳቸው ይቸገራል። ማዳበሪያው ራሱ ፒኤቹን ስለሚቀይር የሚለካው ከተበጠበጠ በኋላ ነው። ከፍ ካለ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ማውረጃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፎስፎሪክ አሲድ ነው፣ በሲሪንጅ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ጨምሩ። አማስሉ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ። ጓንት አድርጉ። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ኮምጣጤና የሎሚ አሲድም ያወርዳሉ፤ ግን ረቂቅ ተሕዋስያን ይበሏቸውና ከጥቂት ቀን በኋላ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል።

በጠብታ የሚለካው ቀለም መቀየሪያ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ዲጂታሉን ከገዛችሁ ግን በፒኤች 4 እና 7 ማስተካከያ ፈሳሽ በየጊዜው ማስተካከል አለባችሁ። ያልተስተካከለ መለኪያ በሙሉ ልብ ይዋሻል።

መትከልና ብርሃን

ችግኙን ከነስፖንጁ ኩባያው ውስጥ አስገቡ፣ ዙሪያውን በታጠበ የሸክላ ጠጠር ደግፉት። ሥሩ ከታች በቀዳዳው እንዲወጣ እርዱት እንጂ አትጎትቱት። የውሃው ከፍታ የኩባያውን ሥር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይንካ። ስፖንጁን በሙሉ ካሰጠማችሁት አንገቱ ይበሰብሳል፤ ጨርሶ ካልነካው ደግሞ በአንድ ቀን ይደርቃል።

በየቀኑ ብዙ ሰዓት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ካላችሁ በእሱ መጀመር ይቻላል፣ ሳጥኑ እንዳይግል ብቻ ተጠንቀቁ። አለበለዚያ ነጭ ኤልኢዲ በቂ ነው። ሐምራዊ መሆን የለበትም። ነጭ መብራት ተክሉ የሚፈልገውን ቀለም ሁሉ ይይዛል፣ ቅጠሉም በትክክለኛ ቀለሙ ስለሚታይ በሽታ ሲመጣ ቶሎ ትለዩታላችሁ። ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። የስልክ ብርሃን መለኪያ አፕ በግምትም ቢሆን ይረዳል፤ በቅጠሉ ከፍታ ላይ ከ12,000 እስከ 15,000 ሉክስ ካሳየ ለሰላጣ ደህና ነው። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ፤ ማታ ይጥፋ። ይህን ለታይመር ስጡት፣ በጭንቅላታችሁ አትያዙት። የመብራቱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይመለስ፤ ውሃ ቢንጠባጠብ እዚያ ላይ ይወርዳል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

ሥራው እጅ መሰብሰብ ነው። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፣ መነካካት ያበዛል።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃው እምብዛም አይጎድልም። ሁለተኛው ላይ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛው አካባቢ ውሃው በየቀኑ ሲቀንስ ታያላችሁ። አንድ ጊዜ ክዳኑን በቀስታ አንሡና ከሥር ተመልከቱ። ከውሃው በላይ ያለው ሥር አጠር ያለ፣ በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ነው። ውሃው ውስጥ የገባው ረጅም፣ ለስላሳና ፀጉር የለሽ ነው። አንዱ ተክል ሁለት ዓይነት ሥር ሠርቷል። ላይኛው የመተንፈሻ ነው።

ትልቁ ሕግ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ የጎደለውን ውሃ እስከ አፉ አትሙሉ። ለመተንፈስ የተሠራውን ሥር ብታሰጥሙት ታፍኖ ይሞታል፣ ተክሉም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይወድቃል። ሰላጣው ሳይደርስ ውሃው ወደ ታች 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከቀረው፣ ማዳበሪያውን በግማሽ አቅጥናችሁ እስከ ሳጥኑ ሲሶ ብቻ ሙሉት። አየሩን ተዉለት።

የውሃው ሙቀት ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ቢሆን ደስ ይለዋል። ከ25 ሲያልፍ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ፒቲየም የሚባለው ሥር የሚያበሰብስ ረቂቅ ተሕዋስም ይፋፋማል። ሳጥኑን መደርደሪያ ላይ ከማስቀመጥ ወለል ላይ ማውረድ ብቻውን ልዩነት ያመጣል።

ቅጠሉ ሲናገር

ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። የትኛው ቅጠል እንደታመመ ማየት ግማሽ መልስ ይሰጣል። ከታች ያሉት አሮጌ ቅጠሎች ወጥ በሆነ መልክ ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጅን አንሷል፤ ተክሉ ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። አሮጌዎቹ ቅጠሎች በደም ሥራቸው መካከል ብቻ ቢጫ ካደረጉ ማግኒዥየም ነው። ያው መልክ ከላይ አዲሶቹ ላይ ከታየ ብረት ነው፤ ግን ብረት ለመጨመር አትቸኩሉ፣ መጀመሪያ ፒኤቹን ለኩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ6.5 በላይ ወጥቶ ታገኙታላችሁ።

የመሃል ለጋ ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ ከተቃጠለ ካልሲየም እዚያ አልደረሰም ማለት ነው። ውሃው ውስጥ ግን በቂ ካልሲየም ሊኖር ይችላል። ካልሲየም የሚሄደው ቅጠሉ ከሚያተነው ውሃ ጋር ነው፤ አየሩ ከቆመ ትነቱ ይቀንሳል። ትንሽ ማራገቢያ ቅጠሉን ወዝወዝ እስኪያደርግ ብቻ አብሩለት። ብርሃኑንም በጥቂቱ ቀንሱ።

ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም ነው፣ ሽታ የለውም። ቡናማ ሆኖ ካሟለጨ እና ከሸተተ በስብሷል። ገና መጀመሪያው ከሆነ የሞተውን ቆርጣችሁ፣ ሳጥኑን አጥባችሁ፣ ቀዝቃዛ አዲስ ማዳበሪያ አዘጋጁለት። ከተስፋፋ አትልፉ። ተክሉን ጣሉት፣ ሳጥኑን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁት። በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አታገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ቅጠሉ ሥር የተሰበሰበ ጥቃቅን ክሽክሽ ካያችሁ በውሃ ርጭት አጥቡት፣ ለጥቂት ቀናት ደጋግሙት። የምትበሉት ቅጠል ስለሆነ መድኃኒት ለመርጨት አትሩጡ።

መልቀምና መቀጠል

ዘሩ ከተዘራ ከ5 እስከ 7 ሳምንት ባለው ጊዜ ሰላጣው ይደርሳል። ቅጠሉ ክፍት የሆነው ዝርያ ከሆነ የውጭዎቹን እየለቀማችሁ መሃሉን ተዉት፤ ለተወሰነ ጊዜ ማብቀሉን ይቀጥላል። መሃሉ ወደ ላይ መመዘዝ ከጀመረ ሊያብብ ነው፣ ቅጠሉም ይመራል፤ በሙሉ ቁረጡት። የተረፈውን ውሃ አቅጥናችሁ አፈር ላይ ላሉ ተክሎች አጠጡ። ወንዝና ኩሬ ውስጥ አትድፉት፣ እዚያም አልጌ ነው የሚያበቅለው።

በሶብላ፣ ቆስጣና ጎመንም በዚሁ ሳጥን ይሆናሉ፤ ማዳበሪያቸው ትንሽ ጠንከር ይበል። ካሮትና ድንች የመሳሰሉትን እርሷቸው። ቲማቲም ይበቅላል፣ ግን ሰፊ ገንዳ፣ ኃይለኛ ብርሃንና ድጋፍ ይፈልጋል፤ ከ2.0 ኢሲ በላይም ይጠጣል። ሰላጣን ሳትጨርሱ አትጀምሩት።

ፓምፕ ካማራችሁ የመጀመሪያው እርምጃ ይኸው ሳጥን ላይ የዓሣ ገንዳ የአየር ፓምፕ መጨመር ነው። አየር የሚበትነው ድንጋይ ከታች ይቀመጣል፣ አረፋው ኦክስጅን ያደርሳል፣ ስለዚህ ውሃውን ከፍ አድርጋችሁ ማቆየት ትችላላችሁ። በዚህ የተጀመረ ተክል ሥሩ ከመጀመሪያው ውሃውን ስለለመደ አይታፈንም። ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ አስቀምጡት ወይም ቱቦው ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ግጠሙ፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ፓምፑ ውስጥ ይገባል። በቱቦ ውስጥ ቀጭን ውሃ የሚያዞረው አሠራር በፎቶ ያምራል። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ግን አልመክረውም። ፓምፑ ቆሞ ቀኑም ሞቃት ከሆነ ሥሩ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ የአየር ፓምፕ ያለው ሳጥን ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መብራቱ እስኪመለስ ጊዜ ይሰጣችኋል።